ሔራን የመረጠችው ሲስተም

ሔራንን የጠላኋት በመጣችበት ቀን ነው፤ የጠላኋትም ጫማዋን አውልቃ ስለገባች ነው።

የኮምፒውተር ክፍላችን በር ላይ «ጫማ አውልቁ» የሚል ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተማሪው ወረቀቱን እያነበበ ከነጭቃው ሲገባ ኖሯል። ጮኼአለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ ጠረጴዛ በማስመሪያ ደብድቤአለሁ፤ ሰሚ የለም። እሷ አንድ ጠዋት ከደብረ ብርሃን መጣች፣ ወረቀቱን አነበበች፣ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ፈታችና በካልሲ ገባች። በማግስቱ አርባ ተማሪ በካልሲ ገባ። በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ አይቼ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ አረረ። ትእዛዙ የእኔ፣ ታዛዡ የእሷ! ያኔ ግን ቅናት ነው አላልኩም። «ልጅቷ ትንሽ ታካብዳለች» ነው ያልኩት።

ስሜ ባየው ነው። ጎረቤላ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ሔራን ደግሞ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ በኮንትራት የተቀጠረች የኮምፒውተር መምህርት ነበረች። እሷ ሃያ አራት ዓመቷ፣ እኔ አርባ ዘጠኝ። እሷ በትምህርት የምታውቀውን እኔ በመዳፌ ነው የማውቀው፤ ቢያንስ ለራሴ የምለው እንደዚያ ነበር።

አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉን። ከአንድ መሥሪያ ቤት ተርፈው የመጡ ናቸው። ሲመጡም አርጅተው ነበር፤ ዛሬ ከተማሪዎቻችን በዕድሜ ይበልጣሉ። እስካሁን ቆመው የቆዩት በእኔ ነው። አቧራቸውን በብስክሌት ፓምፕ አራግፋለሁ። የሞተውን ፈትቼ ለቆመው መለዋወጫ አደርጋለሁ። ሲጠፉ ሰዓታቸውን የምትጠብቅላቸውን ትንሿን ክብ ባትሪ ለአሥራ ሁለቱም ከራሴ ገዝቼ ቀይሬአለሁ።

አንድ ሌላም ልማድ አለኝ። ወር በገባ ቁጥር ማለዳ ሄጄ የአሥራ ሁለቱንም ቀን በእኛ አቆጣጠር እሞላለሁ። ኮምፒውተር የፈረንጅ ነው፤ ለእሱ ሁለተኛው ወር ሃያ ስምንት ቀን ስለሆነ የጥቅምትን መጨረሻ ይዘላል፤ ጳጉሜንንማ ጭራሽ አያውቃትም። እኔ ግን እየጎተትኩ ወደ አገሩ እመልሰዋለሁ። የጎረቤላ ልጅ የጻፈውን ሲከፍት በአገሩ ቀን ይየው ብዬ ነው። ሰዓቱም እንደዚሁ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሆነ ሦስት ይላል። ማን እንደሚሞላው የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። ባለቤቴ አልታየች ብቻ ማለዳ ስወጣ ከብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና «ሂድ፣ ሂድ፤ አንተ ካልሞላኸው ወሩ አይገባም» ትለኛለች።

እንዲህ እንዳለን ርዕሰ መምህራችን አቶ ወልደተንሣኤ በመጋቢት መጨረሻ ሁለታችንን ቢሮው ጠራን።

«የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቻችን ዘንድሮ ፈተናውን በኮምፒውተር ነው የሚወስዱት» አለ። «መለማመጃው ኢንተርኔት ላይ ያለ ገጽ ነው። ግንቦት አራት ከዞን ኮሚቴ ይመጣል። የዚያን ቀን ማሽኖቹ ገጹን ከከፈቱ ክፍሉ ይቀጥላል። ካልከፈቱ ይዘጋል፤ ልጆቹም ለመለማመድ ደብረ ብርሃን ሲመላለሱ ይከርማሉ።»

ቀጠለና የሚያንገበግበውን ነገር ተናገረ። ለክፍሉ የተፈቀደው አንድ የኃላፊ ቦታ ብቻ ነው። ማሽኖቹን ለዚያ ቀን ያደረሰ ሰው ኃላፊ ይሆናል። ሔራን ካልሆነላት ኮንትራቷ በግንቦት ያበቃል፤ ወደ ቤቷ ነው። እኔ ካልሆነልኝ ደግሞ መጻሕፍት ቤት ገብቼ መጽሐፍ እያዋስኩ ጡረታ እጠብቃለሁ። እንጀራ አይቀርብኝም፤ ክፍሌ ግን ይቀርብኛል። ያኔ ለእኔ ከእንጀራ ይልቅ ክፍሉ ይበልጥ ነበር።

ማሽኖቹ ላይ ያለው ሲስተም እጅግ የቆየ ስለሆነ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ገጽ አይከፍትም። አዲስ ሲስተም መምረጥ ግድ ነበር። እኔ የማውቀውን ዊንዶውስ፣ አዲሱን፣ አንዱ ማሽን ላይ ጫንኩት። ለመነሳት ሃያ ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ተነሥቶም ማውሱን ስነካው መልስ የሚሰጠኝ ሌላ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን በደብተራቸው ሸፈኑ።

«ጋሽ ባየው» አለች ሔራን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «እርስዎ ልክ ነዎት፤ ማሽኖቹ ደህና ናቸው። ሸክሙ ነው የበዛባቸው። ቀለል ያለ እንፈልግላቸው።»

«እርስዎ ልክ ነዎት» ማለቷ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ብትሰድበኝ እሰድባት ነበር።

ሦስት ፍላሽ ይዛ መጣች። ሊኑክስ የሚሉት፣ በነጻ የሚገኝና ብዙ ዓይነት ያለው ሲስተም ነው። የመጀመሪያው መልኩ ያማረ ነበር፤ ጫነችው፣ ተነሣ፣ ግን አንድ ፕሮግራም ሲከፈትበት ማሽኑ ትንፋሽ አጠረው። ጮቤ ረገጥኩ። ሁለተኛው ጭራሽ አልነሣም፤ የእኛን ዓይነት የድሮ ማሽን መቀበል ትቷል። ምሳዬን እንደዚያ ቀን አጣጥሜ በልቼ አላውቅም። ሔራን ግን አላፈረችም። አንድ ደብተር ከፍታ ተማሪዎቹን ታስጽፋለች፤ ይህኛው በስንት ደቂቃ ተነሣ፣ ምን ያህል ሜሞሪ በላ፣ አማርኛ ጻፈ ወይስ አልጻፈም። ስትሸነፍ እንኳ ታስተምራለች፤ እኔ ስሸነፍ በር ዘግቼ ነው።

ሦስተኛው ሆነላት። ስሙን አልጠራውም፤ ጠርቼ ምን አስከብረዋለሁ። አርባ ሴኮንድ! ያ ሃያ ሦስት ደቂቃ ያስለቀሰኝ ማሽን በአርባ ሴኮንድ ተነሥቶ «ምን ልታዘዝ» አለ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሁሉም ሲያጨበጭብ እጅ አጣጥፎ መቆም ይታወቃል። ውስጤ ግን የገዛ ላሜ እኔን ረግጣ ለጎረቤት የታለበች ያህል ነደደ። ዘጠኝ ዓመት የለፋሁባቸው ማሽኖች ለእኔ ያልሆኑትን ለእሷ ሆኑ።

ማታ ለአልታየች አወራኋት። ሽሮዋን እያማሰለች ሰማችኝና «ባየው፣ በጉብዝናህ ዘመን በእኔ ያልቀናህ ሰውዬ አሁን በኮምፒውተር ትቀና ጀመር?» አለችኝ።

«ቅናት አይደለም። የሲስተም ምርጫ ነው» አልኳት።

«ይሁንልህ» አለችና ጨው ጨመረች።

ሔራን በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለቱንም ጫነቻቸው። ፋሲካ አለፈ። ሚያዝያ ሃያ ሰኞ ኢንተርኔቱን አገናኝታ የመለማመጃውን ገጽ ልትከፍት ተቀመጠች። ተማሪው ከኋላዋ ቆሟል፤ እኔ በሩ ላይ ነኝ። ገጹ አልተከፈተም። በምትኩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ጮክ ብላ ወደ አማርኛ መለሰችው፦ «ይህ ኮምፒውተር ዛሬ ሃያ፣ ስምንተኛው ወር፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነው ይላል። ቀኑ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ።»

ቀና ብላ ጥቁር ሰሌዳውን አየች። ከላይ በኩል በጠመኔ «ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.» ተጽፏል። ማሽኑ ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየች፤ 20፣ 8፣ 2017። ሰዓቱን አየች፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ። «ትክክል ነው» አለች። «ትክክል ነው» አሉ ተማሪዎቹ። ማን አይልም? በደብተራችን፣ በደብዳቤያችን፣ በክርስትና ምስክር ወረቀታችን ላይ ያለው ዓመት ነው። ዓይናችን ለምዶታል፤ አያየውም።

እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ስልኬንም እንደ ማሽኖቹ በእኛ ቀን ሞልቼው ኢንተርኔት እምቢ ብሎኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ወስጄ ለአንድ ስልክ ጠጋኝ ሰጠሁት። «ጋሼ፣ ስልክዎ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል እኮ» ብሎ ሳቀብኝ። «ኢንተርኔት ላይ ያለ ገጽ መታወቂያ አለው። ስልክዎ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ስለዚህ መታወቂያው የሚሰጥበት ቀን ገና ያልደረሰ ይመስለዋል። ገጹን አላምንም የሚለው ለዚህ ነው።» ስልኩን አስተካከልኩ። ማሽኖቹ ግን ያኔ ከኢንተርኔት ጋር ስላልተገናኙ በልማዴ ቀጠልኩ።

ስለዚህ ሚያዝያ ሃያ፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ ችግሩ ምን እንደሆነ በዓለም ላይ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ ልናገር ነበር። በዚያች ቅጽበት ከፊት የቆመች አንዲት ተማሪ «ቲቸር ሔራን ታስተካክለዋለች፤ እሷ የማታውቀው ነገር የለም» አለች።

አፌን ዘጋሁት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለእኔ ጣፋጭ መሆን ነበረባቸው። ሔራን አንዱን ማሽን አጥፍታ እንደገና ጫነች። ሌላ ፍላሽ ሞከረች። የኢንተርኔቱን ሣጥን ለወጠች። ገጹ በስልኳ ይከፈታል፤ በማሽኖቹ ግን እምቢ ይላል። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሄዳ የድሮ አስተማሪዎቿን ጠየቀች። «ቀኑን አይተሻል?» ብለው ጠየቋት፤ «አይቻለሁ፣ ትክክል ነው» አለቻቸው፤ እነሱም ሌላ ሌላ ነገር ነገሯት። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ናት። በየማታው ተቀምጣ የሞከረችውን በዝርዝር ታወራኛለች፤ እኔም እሰማለሁ፤ «አይዞሽ» እላታለሁ። የብርዱ ነገር ከንፈሯን ሰነጣጥቆታል፤ ከጥዋት ጉም እስከ ማታ ጉም እዚያች ወንበር ላይ ናት።

ይሁንና አልጣፈጠኝም። ተማሪዎቹ ያልተሳካላትን ሔራንን ይበልጥ ወደዷት። አንዱ ቆሎ ያመጣላታል፣ አንዷ የእናቷን ሻርፕ ታውሳታለች። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሳካልኝ ኖሬ አንድ ፍሬ ቆሎ ያመጣልኝ የለም። ያቺ ልጅ ብትሸነፍም ታሸንፈኛለች ብዬ አሰብኩ፤ ይህችን ነገር ካሰብኩ በኋላ እንቅልፍ ቀነሰብኝ።

ሚያዝያ አለቀ። ሁላችንም የምናውቀው ሚያዝያ ሠላሳ ቀን ነው፤ የፈረንጁ ስምንተኛ ወር ግን ሠላሳ አንድ አለው። ግንቦት አንድ ጠዋት ማሽኖቹ በገዛ ራሳቸው «31፣ 8፣ 2017» ሊሉ ነው። ሔራን ይህን ብታይ በአንድ ደቂቃ ይገባታል፤ ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን ያለው ወር የለንማ! እኔ ምንም ሳላደርግ፣ ቃል ሳልተነፍስ፣ ነገሩ ራሱ ራሱን ሊፈታ ነበር።

ዓርብ፣ የልደታ ዕለት፣ ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። አልታየች እንደ ልማዷ «ሂድ፣ ወሩን አስገባው» አለችኝ። ከፍቼ ገባሁ። በካልሲ። የመጀመሪያውን ማሽን አስነሣሁ። ልማዴ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ያደረግኩት ነው፣ ማንም ሊፈርድብኝ አይችልም እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄድኩ። 1፣ 9፣ 2017። 1፣ 9፣ 2017። አሥራ ሁለት ጊዜ። እስከዚያ ቀን ዝም ያልኩ ሰው ነበርኩ። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ግን ያደረግኩ ሰው ሆንኩ፤ ልዩነቱን በሩን ስቆልፍ ነው ያወቅኩት።

ከሰዓት በኋላ የሠፈራችን ሰዎች እንደየዓመቱ ውጭ ሜዳው ላይ ለልደታ ተሰበሰብን። ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ቀርቧል። አልታየች ሔራንን ጠርታት ነበር፤ ሳትነግረኝ። አጠገቧ አስቀመጠቻት። ነፋስ ሲነፍስ ከቤት ጋቢ አስመጥታ አለበሰቻት፤ ጋቢው የእኔ ነው። በገዛ ጋቢዬ ውስጥ ተቀምጣ ከእኔ ሚስት እጅ ንፍሮ ትበላለች!

«ልጄ፣ ሰኞ ምን ልትዪ ነው?» አለቻት አልታየች።

«እውነቱን ነው የምለው፣ እትዬ» አለች ሔራን። «አልቻልኩም እላለሁ። ከዚያ ወደ ጫጫ፣ ወደ አባቴ ጋ እመለሳለሁ። ታናሽ ወንድሜን የማስተምረው እኔ ነበርኩ፤ እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ግን የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ልጆቹን አላስፈትንም።»

ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረችና «ጋሽ ባየው ባይኖሩ እነዚያ ማሽኖች አንድ ዓመት አይቆዩም ነበር። እኔ የመጣሁት እሳቸው ባቆዩት ላይ ነው» አለች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። አዛውንቱ ወልደአረጋይ «እንዲህ ያለ ምስክር ይስጥህ» ብለው መረቁኝ። አልታየች እንደ ወትሮዋ አልቀለደችብኝም፤ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ያን ዕለት ከእሷ ዓይን ሸሽቼ ጠላ ቀጂ ሆንኩ።

ሰኞ ግንቦት አራት ኮሚቴው በሦስት ሰዓት ደረሰ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ መሪያቸው ወይዘሮ ማስተዋል የሚባሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። አቶ ወልደተንሣኤ ከረቫት አሥሯል። ተማሪው በግድግዳው ዙሪያ ቆሟል። እኔ ሌሊቱን ያሰብኩትን ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ እሷ ስትወድቅ ብድግ እላለሁ፣ ቀኑን እለውጣለሁ፣ ገጹ ይከፈታል፣ ክፍሉ ይተርፋል፣ ልጆቹም ይተርፋሉ። ማን ተጎዳ? እንዲህ ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ሔራን ተነሥታ ስለ ሲስተሙ ተናገረች። ለምን ቀላሉን እንደመረጠች፣ ሦስቱን እንዴት እንዳወዳደረች አስረዳች፤ ደብተሩን አሳየች። ወይዘሮ ማስተዋል ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ጥሩ ሥራ ነው» አሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ማሽን አስነሣች፤ አርባ ሴኮንድ። ገጹን ጠራች። ያው ጽሑፍ መጣ።

«ከዚህ በላይ አልቻልኩም» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ሁለት ሳምንት ሞክሬአለሁ። የማላውቀው ነገር አለ።»

«እስቲ ፍቀጂልኝ» አልኩና ወደ ፊት ወጣሁ።

ወንበሩን ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። ቀኑን 12፣ 5፣ 2025 አደረግኩት፤ ሰዓቱን ዘጠኝ ከሃያ። ገጹን ጠራሁ። ተከፈተ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሂሳብ ጥያቄ ቁጥር አንድ ፊት ለፊታችን ተዘረጋ።

እንዲህ ያለ ጭብጨባ ዕድሜዬን ሙሉ ስመኝ ኖሬአለሁ። ርዕሰ መምህሩ ትከሻዬን ጨበጠ። «እንዴት አወቁት?» አሉ ወይዘሮ ማስተዋል። «ልምድ ነው» አልኩ። ዘወር ስል ሔራን እንባ አቅርራ ትስቃለች። ትስቃለች! «ጋሽ ባየው! ቀኑ! በእኛ ነው የተሞላው! እንዴት አላየሁትም!» እያለች እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ፊቷን መረመርኩት፤ አንዲት ጠብታ ቅናት ፈለግኩ፣ አንዲት። አልነበረም።

«ግን ማን ነው በእኛ አቆጣጠር የሞላው?» አሉ ወይዘሮ ማስተዋል። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጆቹ ሳይለማመዱ ቀርተዋል። ይህ በሪፖርቱ መግባት አለበት።»



«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ሔራን። «ሲስተሙን የጫንኩት እኔ ነኝ። ቀኑን አይቼ ትክክል ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ማንም ይሙላው፣ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

አቶ ወልደተንሣኤ ጉሮሮውን ጠረገ። በአሳብ እያመነታ «እንግዲህ ኃላፊነቱ ለአቶ ባየው ነው። የሔራን ኮንትራት በወሩ መጨረሻ ያበቃል» አለ። የምፈልገው ቃል ይህ ነበር። ሰማሁት። ግን ማንም ወደ እኔ አላየም። ተማሪው ሁሉ ወደ እሷ ነው። ያቺ «የማታውቀው የለም» ያለችው ልጅ ፊቷን ግድግዳው ላይ አድርጋ ትነፋረቃለች። ወይዘሮ ማስተዋል መነጽራቸውን አውልቀው «እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገ ቤት የተባረከ ነው። በሥራ ዘመኔ ‹ጥፋቱ የእኔ ነው› ሲባል ስሰማ ሁለተኛዬ ነው» አሉ።

ሰው በዚህ ጊዜ ጸጸት ነው የተሰማው ሊል ይችላል። ቄሱም፣ ጎረቤቱም በኋላ እንደዚያ ነው ያሉት፤ ባየው ህሊናው ወቀሰው አሉ። እኔ የተሰማኝን አውቃለሁ። ቦታውን ወስጃለሁ፣ ጭብጨባውን ወስጃለሁ፣ እሷ ምንም ሳይቀርላት ቆማለች፤ አሁንም ከእኔ ትበልጣለች። የእኔን ጥፋት እንኳ ወስዳ አማረባት። ያን ልተውላት አልቻልኩም። ቀናሁ። ከዚያች የመጀመሪያ ጠዋት ጀምሮ ከቀናሁት ሁሉ አብልጬ ቀናሁ።

«እሷ አይደለችም» አልኩ። የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። «ቀኑን የምሞላው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ነው የሞላሁት። ችግሩ ያ መሆኑንም ሚያዝያ ሃያ አውቄዋለሁ። በሩ ላይ ቆሜ አወቅኩት፤ አልተናገርኩም። ዓርብ በልደታ ማሽኖቹ ሊያጋልጡኝ ሲሉ ማለዳ መጥቼ እንደገና ሞላሁት።»

አቶ ወልደተንሣኤ አፉን ከፍቶ ቀረ። ወይዘሮ ማስተዋል መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና እንደ አዲስ አዩኝ። ያቺ የምታለቅሰው ልጅም ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

ሔራን እጄን እንደያዘች ነበር። ቀስ ብላ ለቀቀችው። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ሲጠፋ በዓይኔ አየሁ፤ በምትኩ የመጣውን ነገር እስከዚያች ቀን አይቼባት አላውቅም። ሁለት ሳምንቱን እየቆጠረች መሰለኝ፤ የደብረ ብርሃኑን መንገድ፣ ከእኔ ጋር የተቀመጠችባቸውን ምሽቶች፣ «አይዞሽ» ያልኳትን ሁሉ።

«ለምን?» አለችኝ።

ብዙ መልስ ነበረኝ። ልማድ ነው ማለት ይቻላል። እርጅና ነው ማለት ይቻላል።

«ቀንቼብሽ ነው» አልኳት። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ይህን ቃል ለአልታየች እንኳ አምኜላት አላውቅም። በአርባ ተማሪ ፊት፣ በኮሚቴ ፊት፣ «ቀንቼብሽ ነው» አልኩ።

አልሰደበችኝም፣ አላለቀሰችም፣ ይቅር ብያለሁም አላለችም። አጠገቤ የነበረውን ወንበር ስባ ሁለተኛው ማሽን ፊት ተቀመጠችና አስነሣችው። ቀኑን አስተካከለች፣ ገጹን ከፈተች፣ ለአንዲት ልጅ ወንበሩን ለቃ ወደ ሦስተኛው ተሻገረች። ተማሪዎቹ እኔን እየዞሩ ተከተሏት። እኔ የመጀመሪያው ማሽን ጋ ቆሜ ቀረሁ። ጣቶቿን አየኋቸው። እኔ አንዱን በጨረስኩበት ጊዜ እሷ ሦስቱን ትጨርሳለች፤ ፈጣን ናቸው፣ አይሳሳቱም። እዚያው ቆሜ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ፣ ቀናሁ።